ለወንዙ ከሳሽ ማን ነው? ስለ አቃቂ ወንዝና ስለ ኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አመጣጥ

በኢትዮጵያ የፍርድ ታሪክ «በሕግ አምላክ!» የሚለውን ያህል ኃይል የነበረው ቃል ጥቂት ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ ያየ አላፊ አግዳሚ ይህን ቃል ተናግሮ ጠበኞቹን ያስቆም ነበር። ቃሉን ሰምቶ ያልቆመ ሰው በመጀመሪያው ጥፋቱ ላይ ሌላ ጥፋት እንደ ጨመረ ይቈጠርበታል። በአቅራቢያው ዳኛ ያልተገኘ እንደ ሆነም ከመንገደኞቹ መካከል በዕድሜው ወይም በአነጋገሩ የተከበረው ሰው የመንገድ ዳኛ ሆኖ ከዛፍ ጥላ ሥር ነገሩን ይሰማ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሕግ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቃሉን የተናገረው መንገደኛ «አንተን በዚህ ነገር ምን አገባህ?» ተብሎ የማይጠየቅ መሆኑ ነው። ሕጉ የሁሉ ስለ ነበረ የሚጠራውም ማንኛውም ሰው ነበር።

አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባል የነበረውም ሥርዓት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ጥፋት ተፈጽሞ አጥፊው ሲሰወር የቀየው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የሚያውቀውን እስኪያወጣ ድረስም ወደ እርሻው አይመለስም። አጥፊው ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ ዕዳውን አገሩ በጋራ ይከፍላል። ሥርዓቱ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ያንገላታ ስለ ነበረ ዛሬ የሚመኘው ሰው አይኖርም። ሆኖም በአገር ላይ የተፈጸመ በደል «ከሳሽ የለውም» ተብሎ የሚዘጋበት መንገድ አልነበረውም።

ዘመናዊው ሕግ ሲመጣ ይህ በር ጠበበ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬ የአካባቢ ብክለት ለሚባለው ነገር ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም። አንቀጽ 1225 ባለሀብት በመሬቱ ሲሠራ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ ጭስን፣ ጥቀርሻን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና መንቀጥቀጥን ከመልካም ጉርብትና ልክ አሳልፎ እንዳይለቅ ያዛል። አንቀጽ 2069 ደግሞ መርዛማ ነገር የሚያከማች ወይም እጅግ አደገኛ የሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ የሚሠራ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንዲሆን ደነገገ። ለዘመኑ እነዚህ ሰፊ ድንጋጌዎች ነበሩ። ዳሩ ግን ሁለቱም የሚያውቁት ሁለት ሰዎችን ብቻ ነው፤ እነዚህም ጎጂውና ተጎጂው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 33 ንዑስ አንቀጽ 2፣ ክስ በቀረበበት ነገር ላይ ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን እንደማይችል ደነገገና በሩን ዘጋው። በሌላው ሰው ነገር እየገባ ፍርድ ቤቱን የሚያጨናንቀውን ነገረኛ ለመከልከል የወጣ ድንጋጌ ስለ ሆነ ምክንያቱ የሚነቀፍ አይደለም። ለመሬት፣ ለገንዘብና ለውል ክርክር በቂ ነበር፤ ለወንዝ ግን አልበቃም።

ሕጎቹ በወጡባቸው ዓመታት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ በቃሊቲና በአቃቂ የኢንዱስትሪ ሠፈር ይስፋፋ ነበር። ጨርቃ ጨርቁም፣ ቆዳ ፋብሪካውም፣ ጠመቃውም ውሃ ይፈልጋል፤ የተጠቀመበትን ውሃ የሚያፈስበት ቦታም ያስፈልገዋል። ታላቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ በላይ ካሉት ተራራዎች ወርደው፣ በመንገዳቸው የቀበናንና የሌሎቹን የከተማ ጅረቶች ተቀብለው፣ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ። ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ በቆቃ በኩል አልፎ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል እንጂ ባሕር አይደርስም። እንግዲህ ከአንድ የቆዳ ፋብሪካ ጉድጓድ የወጣ ቆሻሻ ከሀገር አይወጣም፤ ከታች ያለው ገበሬና ከብት አርቢ የሚኖረው በእርሱው ውስጥ ነው።

በዚያ ጊዜ የአቃቂ ገበሬ በአንቀጽ 1225 ለመክሰስ ቢነሣ ፋብሪካው ጎረቤቱ ነውን? በመካከላቸው አሥር ወይም ሃያ ኪሎ ሜትር አለ። ወንዙስ የማን ንብረት ነው? በ1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። የግል የመሬት ባለሀብትነት ሲቀር «ባለሀብት» በሚለው ቃል ላይ የቆመው የጉርብትና ሕግ እግሩ ተናጋ። ለገበሬው የቀረለት ባለይዞታ ሆኖ በአንቀጽ 1149 ሁከት ይወገድልኝ ብሎ መክሰስ ነው፤ ይህም መንገድ ዛሬም ያልተዘጋ ቢሆን ለዚህ ዓይነት ጉዳይ የተጠቀመበት ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

በደን ረገድም የሆነው ይመሳሰላል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 225፣ 226 እና 227 ደን የመንግሥት፣ የግልና የመከላከያ ተብሎ ተከፋፈለ። ከለውጡ በኋላ አዋጅ ቁጥር 192 ደንን በመንግሥትና በገበሬ ማኅበራት እጅ አደረገው። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት ጠባቂው ሲበተን በብዙ ቦታ ለዓመታት የተተከለው ዛፍ በወራት ውስጥ ተጨፈጨፈ። ይህንን ሁሉ በአንድ ጠቅላላ ምክንያት መተርጐም ስሕተት ነው፤ ድህነትም፣ ቂምም፣ የይዞታ አለመረጋገጥም ነበረበት። ግን ጠባቂው ከሥልጣን ሲወርድ በስሙ ሊናገርለት የሚችል ሌላ ሰው በሕግ አለመታወቁም አንዱ ምክንያት ነበር።

ዓለም አቀፉ አስተሳሰብ የተለወጠው በ1964 ዓ.ም. በስቶክሆልም፣ ከሁሉ ይበልጥም በ1984 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረጉት ጉባኤዎች ነው። የሪዮ መግለጫ ዐሥረኛው መርሕ፣ የአካባቢ ጉዳይ በሚመለከታቸው ዜጎች ሁሉ ተሳትፎ እንዲመራ፣ ፍትሕም ለማግኘት በሩ እንዲከፈትላቸው ይጠይቃል። ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው አረጋገጠች። በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 9 ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲ ጸደቀ። ባለሥልጣኑን ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በዕፀዋት ዘረ መል ጥበቃና በአርሶ አደር መብት ላይ በዓለም መድረክ ስማቸው የታወቀ ሰው ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን በ1995 ዓ.ም. ሦስት አዋጆች ተከታትለው ወጡ፤ ቁጥር 295 ተቋማቱን፣ ቁጥር 299 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን፣ ቁጥር 300 የብክለት ቁጥጥርን የሚመለከቱ ናቸው።

ከሦስቱ አዋጆች ለሕግ ባለሙያ ትልቁ የአዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ በነገሩ ጥቅም እንዳለው ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት አድርሷል ወይም ሊያደርስ ይችላል በሚለው ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ያልሰጠ እንደ ሆነ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ያልረካ እንደ ሆነ፣ በስድሳ ቀን ውስጥ ክስ ሊመሠርት ይችላል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 የተዘጋው በር በዚህ አንቀጽ ተከፈተ ማለት ነው። «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚያስቆመው መንገደኛ ከብዙ ዘመን በኋላ በነጋሪት ጋዜጣ ስፍራውን መልሶ አገኘ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ሀገር እዚህ የደረሰው በዳኞች እጅ ነበር። በህንድ ኤም. ሲ. መህታ የተባሉ ጠበቃ በጋንጅስ ወንዝ ዳር በካንፑር ስለ ነበሩት የቆዳ ፋብሪካዎች ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አመለከቱ። ፍርድ ቤቱ በመስከረም 1980 ዓ.ም. ቆሻሻቸውን የሚያጣራ መሣሪያ ያላቆሙት እንዲዘጉ አዘዘ። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ደግሞ ከሳሹ የወንዝ ዳር መሬት ባለቤት ባይሆኑም በወንዙ ውሃ ስለሚጠቀመው ሕዝብ ሕይወት መክሰስ እንደሚችሉ አረጋገጠ። ህንድ እንዲህ ያለ ግልጽ አንቀጽ ሳይኖራት በዳኝነት ትርጉም ከዚህ ደረሰች፤ ኢትዮጵያ ግን አንቀጹን ጽፋ ያዘች። ሆኖም በዚህ በር የገቡት ክሶች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው።

ስለ አቃቂ ወንዝ ከሚጠቀሱት ጥቂት ክሶች ዋነኛው በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ የቀረበው ነው። አንድ ሀገር በቀል የባለሙያዎች ድርጅት፣ ባለሥልጣኑ በወንዙ ላይ የሚደርሰውን ብክለት እንዲያስቆም በሕግ የተጣለበትን ግዴታ አልተወጣም ሲል ባለሥልጣኑን ራሱን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ ተቀባይነት አላገኘም። የክሱ መውደቅ በአንቀጽ 11 ውስጥ ያለውን ስንጥቅ አሳየ። አንቀጹ አቤቱታ የሚቀርበው ጉዳት በሚያደርሰው ሰው ላይ መሆኑን ይናገራል፤ ባለሥልጣኑ አቤቱታ ተቀባይ ነው። ተቀባዩ ሠላሳውን ቀን ዝም ብሎ ያሳለፈ እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ የሚከሰሰው ማን ነው? በካዩ ነው ወይስ ዝም ያለው? ሕጉ «ክስ ሊመሠርት ይችላል» ይላል እንጂ ተከሳሹን አይጠራም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል በኖረበት ሀገር ይህን ዝምታ መንግሥትን የሚከላከል አድርጎ መተርጐም ለዳኛ የሚቀል መንገድ ነው። ነገር ግን ግዴታ ተጥሎበት ያልፈጸመ መሥሪያ ቤት ካልተጠየቀ የሠላሳው ቀን ገደብ ትርጉሙ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ያስቸግራል። አንድ ሺሕ ገበሬ አንድ ሺሕ ፋብሪካ በየተራ እንዲከስ መጠበቅ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሐሳብ ነበር ለማለት የሚያስችል ነገር በአዋጁ ውስጥ አይታይም።

ከዚያም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከዐሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማሩ ከለከለ። ንጹሕ አካባቢ የሰብአዊ መብት አንዱ ክፍል ስለ ሆነ፣ ናሙና ለማስመርመርና ጠበቃ ለማቆም ገንዘብ የነበራቸው ድርጅቶች ከመድረኩ ወጡ። በአንቀጽ 11 «ማንኛውም ሰው» የተባለው በዚህ አዋጅ አቅም የሌለው ማንኛውም ሰው ሆኖ ቀረ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል፤ ዐሥር ዓመት ግን ለአንድ አዲስ የክስ መንገድ ልጅነቱን የሚጨርስበት ዘመን ነበር። በእነዚያ ዓመታት ፍርድ ያልተሰጠበት አንቀጽ ትርጉሙ ሳይበስል ቀረ።

ከሳሽ ቢገኝም ማስረጃው ሌላ ዳገት ነው። ቆዳ የሚለፋው በጨው፣ በኖራ፣ በሰልፋይድና በክሮሚየም ነው። ክሮሚየሙ ከፋብሪካው ወጥቶ ወደ ወንዙ ሲገባ ከከተማዋ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ ከጋራዥ ዘይት፣ ከሌላውም ፋብሪካ ቀለም ጋር ይቀላቀላል። ከታች በመስኖ ቆስጣና ጎመን የሚያለማው ገበሬ ወንዙ መጥቈሩን ያያል፣ ይሸተዋል፣ ከብቱ ሲታመም ያውቃል። በእርሻው አፈር ውስጥ ያለው ክሮሚየም ከየትኛው ፋብሪካ እንደ መጣ ግን ሊያሳይ አይችልም። ይባስ ብሎም ቆሻሻው የሚለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው ይባላል። አዋጅ ቁጥር 300 ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ያለ ቅድሚያ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማንኛውም ግቢ ገብተው ናሙና እንዲወስዱ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። የመሣሪያ፣ የተሽከርካሪና የሰው እጥረት ግን ይህን ሥልጣን በወረቀት ላይ የሚያስቀረው ጊዜ ብዙ ነው። ገበሬው ሄዶ ፋብሪካውን በር ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም።

በዚህ ስፍራ ግን የ1952 ዓ.ም. ሕግ ያልተነካ መሣሪያ በእጁ ይዟል። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2142 ጉዳቱን ካደረሱት ከብዙ ሰዎች መካከል አድራሹ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ያልተቻለ እንደ ሆነ፣ በመካከላቸው መኖሩ ግን የተረጋገጠ ከሆነ፣ ዳኞች ርትዕ ሲያስገድድ ኪሣራውን በቡድኑ ላይ በጋራ ሊጥሉ እንደሚችሉ ይናገራል። አንቀጹን ከአውጫጭኝ ጋር ያነጻጸረ ሰው ዝምድናቸውን ሳያይ አያልፍም፤ ሬኔ ዳቪድ ያንን ሥርዓት አስበው ጻፉት ማለት አይደለም፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። ክሮሚየም የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች በአንድ ወንዝ ዳር ስንት እንደ ሆኑ ይታወቃል። ገበሬው ሁሉንም በአንድ ክስ ጠርቶ «ከመካከላችሁ ያላፈሰሰው ራሱን ያውጣ» ቢል የማስረዳቱ ሸክም በተግባር ወደ ተከሳሾቹ ይዞራል። አንቀጽ 2142 ከ2069 ጋር ተጣምሮ የቀረበለት ችሎት ምን እንደሚል መስማት ለሙያው ትልቅ ትምህርት ይሆን ነበር።

ስለ ቅጣቱ ጥቂት መናገር ይበቃል። አዋጅ ቁጥር 299 የተፅዕኖ ግምገማ ሳያስፈቅድ ሥራ የጀመረ ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር እንዲቀጣ ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በስምንት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ስለ ነበረ ከፍተኛው ቅጣት ከ11,000 ዶላር በላይ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላሩ ከመቶ ብር አልፏል፤ ያው ቅጣት ዛሬ አንድ ሺሕ ዶላር አይሞላም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 519 ብክለትን እስከ 10,000 ብር መቀጮ ወይም እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት እንዲያስቀጣ አድርጓል። መቀጮውን ከማጣሪያ መሣሪያ ዋጋ ጋር ያስተያየ ነጋዴ የትኛውን እንደሚመርጥ ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያሻውም።

መሥሪያ ቤቱም በአንድ ስም አልረጋም። ባለሥልጣን የነበረው በ2005 ዓ.ም. የአካባቢና ደን ሚኒስቴር እንዲሆን ተወሰነ፤ በ2008 የአየር ንብረት ለውጥ በስሙ ተጨመረበት፤ በ2011 ኮሚሽን ሆነ፤ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ተባለ። በእያንዳንዱ ለውጥ መዝገብ ይዛወራል፣ ባለሙያ ይበተናል፣ የተጀመረ ክትትል ይቋረጣል። ከዚህ የሚብሰው ግን የተፅዕኖ ግምገማን የመመርመር ሥራ ለየዘርፉ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በውክልና የተሰጠበት ጊዜ ነበር። ባለሀብት የሚጋብዘው እጅና የባለሀብቱን ግምገማ የሚመረምረው እጅ አንድ ሲሆን «አይሆንም» የሚለው ቃል ከአፍ አይወጣም።

በቅርቡ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ወደ ወንዞቿ ፊቷን መልሳለች። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ልማት ሃምሳ ስድስት ኪሎ ሜትር እንዲሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር እንዲጠይቅ ታቅዶ ተነሣ፤ በ2017 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ቆሻሻ ወደ ወንዝ በሚለቅ ላይ መቀጮ የሚጥል ደንብ ወደ ሥራ አስገባ። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ደንቡ የሚሠራው እስከ ከተማው ወሰን ነው፤ ወንዙ ግን ወሰኑን ተሻግሮ ወደ ኦሮሚያ ይገባል። መቀጮው ወደ ከተማው ካዝና ሲገባ የጠቈረው ውሃ ወደ ገበሬው መስኖ ይወርዳል። በአንድ አስተዳደር ክልል ያለ ተጎጂ በሌላው አስተዳደር ክልል ስላለ በካይ አቤት የሚለው ለማን እንደ ሆነ በሥራ ልምድ አልጠራም፤ በአዋጁ ቃል ግን ለፌዴራሉ ባለሥልጣንም ለክልሉም ማመልከት የሚከለክለው የለም።

አቤቱታውን ሊያቀርብ የሚነሣ ጠበቃ የወንዙን ጠባይ ከሕጉ ቀጠሮ ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። አቃቂ እጅግ የሚጠቍረውና የሚሸተው በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው ሲያንስ ነው። አቤቱታ በግንቦት ቢገባ ሠላሳው ቀን በሰኔ ያልቃል፤ ስድሳው የክስ ቀን የሚወድቀው በክረምቱ እምብርት ነው። ያን ጊዜ ጎርፉ ወንዙን ሞልቶ ቆሻሻውን ያቀጥነዋል፤ ከውሃው የሚቀዳውም ናሙና በካዩን ነጻ የሚያወጣ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ናሙናው፣ የውሃውም፣ የአፈሩም፣ የቆስጣውም፣ በምስክር ፊት ታሽጎ መወሰድ ያለበት አቤቱታው በገባበት ሰሞን ነው፤ ክሱ እስኪከፈት ድረስ ማቆየት አይገባም።